አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ይመጣል?
የመንግሥት ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች በምን ይለኩ?



ይህን ጽሑፍ ከእናንተ ብዙዎቹ የምታነቡት ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ሳይሆን የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ እንደሚሆን እናውቃለን። የምርጫ ወረቀታችንን የምናድለውም እዚያው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሰው የሚገኘው እዚያ ነውና። እንግዲያው ከፊታችሁ ስንት ሰው እንዳለ ቁጠሩ፤ ሰዓታችሁንም ተመልከቱ። ወረቀቱን አንብባችሁ ስትጨርሱ ሰልፉ ስንት እርምጃ እንደሄደ ታዩታላችሁ። ይህችን ስሌት እናንተ በየቀኑ ትሠሯታላችሁ። ሊሠራት የሚገባው መሥሪያ ቤት ግን አይሠራትም። ክርክራችን በሙሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ከኮዬ ፈጬ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተነስቶ መርካቶ የሚገባ ሠራተኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከቤቱ ካልወጣ ሥራ ቦታው በሰዓቱ አይደርስም። የቀን ሠራተኛ ከሆነ ጠዋት የዘገየባት ግማሽ ሰዓት የቀን ውሎውን ታስቀረዋለች፤ አሠሪው ሌላ ሰው ወስዶ ሥራ ጀምሯል። ልጆቿን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ የምትወጣ እናት ማታ 2 ሰዓት ላይ ፌርማታ ቆማ ስልኳን ደጋግማ ታያለች። ከመሃል ከተማ በመልሶ ማልማት ተነስተው ዳር የሰፈሩ ወገኖቻችን ቤት ሲሰጣቸው ከቤቱ ጋር መንገዱን ማን እንደሚሰጣቸው የነገራቸው አልነበረም። ቤቱ ከሥራው በራቀ ቁጥር ሰልፉ የኑሮ ግማሽ ሆነ።

የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች የዓመት ሪፖርት ደግሞ ሌላ አገር የተጻፈ ይመስላል። ዕቅዱ ዘጠና ምናምን በመቶ ተከናውኗል፤ ይህን ያህል አውቶቡስ ተገዝቷል፤ ይህን ያህል አዲስ መስመር ተከፍቷል፤ ለይህን ያህል ሠራተኛ ሥልጠና ተሰጥቷል፤ ከባለድርሻ አካላት ጋር ይህን ያህል የውይይት መድረክ ተካሂዷል። እኛ ሪፖርቱ ሁልጊዜ ውሸት ነው አንልም። ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ችግሩ የተለካው ነገር ሌላ መሆኑ ነው። ሥልጠና የወሰደው ሠራተኛ ተቆጥሯል፤ ዝናብ ላይ የቆመው ተሳፋሪ አልተቆጠረም።

ግብ መትከል የሚባለው ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። እንዲያውም በዛብን። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቢፒአር የሚሉት መሠረታዊ የአሠራር ለውጥ መጣ፤ ሠራተኛው በየአዳራሹ ለወራት ተቀመጠ። ቀጥሎ ቢኤስሲ መጣ፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ በወረቀት ነጥብ ይሰጠው ጀመር። ከዚያም ካይዘን፣ ከዚያም የለውጥ ሠራዊት፣ ከዚያም የዜጎች ቻርተር። የቻርተሩ ሰሌዳ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ታገኙታላችሁ። ከአባሎቻችን አንዱ የመኪናውን ዓመታዊ ምርመራ አስጨርሶ ቦሎ ለመውሰድ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ሦስት ቀን ተመላልሷል። ሰሌዳው አገልግሎቱ በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚሰጥ በትልቁ ጽፏል፤ ከሰሌዳው ሥር ያለው መስኮት ደግሞ በብጣሽ ወረቀት «ሲስተም የለም» ብሏል። አባላችን ቅሬታ ሊያቀርብ ቢጠይቅ ቅሬታ ሰሚው ስብሰባ ነው ተባለ። ስብሰባው ስለ ምን እንደሆነ ስንጠይቀው ሳቀና፣ «ስለ ተገልጋይ እርካታ» አለን።

ይህን የምናነሳው ሠራተኛውን ለመክሰስ አይደለም። ግቡን የሚያወጣው መሥሪያ ቤቱ፣ አፈጻጸሙን የሚለካው መሥሪያ ቤቱ፣ ነጥቡን የሚሰጠው መሥሪያ ቤቱ፣ ሪፖርቱን የሚሰማው ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ የሾመው ፓርቲ ከሆነ፣ ቅዱስ ሰው ብታስቀምጡበትም ውጤቱ ያው ነው።

ሁለት ምሳሌ እንስጥ። ሁለቱም በአደባባይ የታወቁ ናቸው።

የመጀመሪያው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከተማው በሙሉ ተደስቶ ነበር፤ እኛም ተደስተናል፤ ተቃዋሚ ነን ብለን ደስታችንን አንደብቅም። ከ34 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ሁለት መስመር፣ 41 ባቡር፣ 475 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጪ፣ አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተወሰደ ብድር። ሁለት ብር፣ አራት ብር፣ ስድስት ብር ከፍሎ የሚሄድ ሕዝብ ባቡሩን እስኪጨናነቅ ድረስ ሞላው። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. ግን ከ41ዱ ባቡሮች ሐዲድ ላይ የሚታዩት አሥር እንኳ አይሞሉም ነበር። መለዋወጫ የለም፣ የውጭ ምንዛሪ የለም፣ ጎማው አለቀ፣ ታሪፉ ወጪውን አይሸፍንም ተባለ። ምክንያቶቹ ሁሉ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። እኛን የሚያሳዝነን ግን ሌላ ነው። 41 ባቡር በአንድ ሌሊት አልቆመም። አንዱ ቆመ፣ ቀጥሎ አምስቱ፣ ቀጥሎ አሥሩ። ያን ሁሉ ዓመት «ዛሬ ጠዋት ከ41 ባቡር ስንት ወጣ?» የሚል አንድ ቁጥር በየሳምንቱ በጣቢያው በር ላይ ቢለጠፍ ኖሮ፣ ሦስተኛው ባቡር ሲቆም ሕዝቡ ይጠይቅ ነበር፤ ጋዜጣው ይጽፍ ነበር፤ ምክር ቤቱ ተገዶ ያነሳው ነበር። ሠላሳኛው ሲቆም መጠየቅ ምን ይረባል?

ሁለተኛው የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ነው። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. ባሉት አምስት ዓመታት 2,395 ኪሎ ሜትር አዲስ የባቡር ሐዲድ ይዘረጋል ተብሎ ታቀደ። ትልቅ ግብ ነው፤ ትልቅ ማሰብ ነውር የለውም። የዕቅዱ ዘመን ሲያበቃ ግን ሥራ የጀመረ አንድም አገር አቋራጭ መስመር አልነበረም፤ የአዲስ አበባና የጅቡቲው መስመር የተመረቀው በመስከረም 2009 ዓ.ም. ነው። ቀጣዩ ዕቅድ ያለፈውን ሳያወራርድ ወጣ። በየዓመቱ መድረስ የሚገባው ደረጃ አስቀድሞ ለሕዝብ ያልተነገረበት የአምስት ዓመት ግብ እንዲህ ነው፤ አራቱን ዓመት «በመከናወን ላይ ነው» ይባላል፣ በአምስተኛው አዲስ ዕቅድ ይወጣል።

እዚህ ላይ ለመንግሥት የሚገባውን ምስጋና ብንነፍግ ፍትሐዊ አንሆንም። የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1997 ሲጀመር የሚለካው በተሠራ ኪሎ ሜትር ብቻ አልነበረም። ካለው መንገድ ውስጥ በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለው ስንት በመቶ ነው? ገበሬው ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ለማግኘት በአማካይ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? እነዚህ ይጠየቁ ነበር። ሲጀመር በጥሩ ሁኔታ ላይ የነበረው መንገድ 22 በመቶ ያህል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ከግማሽ በላይ ደርሷል። ገንዘብ ስለፈሰሰበት ነው የሚል ይኖራል፤ አዎ፣ ፈሷል። ነገር ግን አበዳሪዎቹ በየዓመቱ ያንኑ ቁጥር መልሰው መላልሰው ይጠይቁ ስለነበር ገንዘቡ በከፊልም ቢሆን ወደ ጥገና ሄደ። የውጭ አበዳሪ የሚጠየቀውን መልስ የከተማ ተሳፋሪ የማያገኝበት ምክንያት ምንድነው?

ወደ ፌርማታው እንመለስ።

አንድ መስመር በሰዓት አራት አውቶቡስ እንዲሠራበት ተመደበ እንበል። አራቱ በየ15 ደቂቃው ከመጡ፣ በየትኛውም ደቂቃ ፌርማታ የደረሰ ሰው በአማካይ የሚጠብቀው 7 ደቂቃ ተኩል ነው። አራቱ ተከታትለው አንድ ላይ ቢመጡና ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም ባይመጣስ? አማካዩ ጥበቃ 30 ደቂቃ ይሆናል። የመጀመሪያው አውቶቡስ በር ላይ ሰው እስኪንጠለጠል ይጭናል፤ አራተኛው ባዶውን ይሄዳል። በስምሪት ክፍሉ መዝገብ ላይ ግን የሁለቱ ቀን ጽሑፍ አንድ ነው፤ «አራት ምልልስ ታቅዶ አራት ተከናውኗል፤ መቶ በመቶ።» ለተሳፋሪው አንደኛው ቀን ከሌላው አራት እጥፍ የተሻለ ነው፤ ለመዝገቡ ልዩነት የለውም። በመካከለኛው ከተማችን ፌርማታዎች ሦስት አውቶቡስ እርስ በርሱ ተነካክቶ ሲመጣ አይታችሁ የምትስቁት ለዚህ ነው።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው፤ ምልልስ አይለካ፣ ጥበቃ ይለካ።

ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። በለንደን ከተማ አውቶቡሶቹ የግል ኩባንያዎች ናቸው፤ መስመሩን፣ ታሪፉንና ሰዓቱን የሚወስነው ግን ከተማው ነው። ከእ.ኤ.አ. 2001 ጀምሮ ውሉ ከተሳፋሪው ጥበቃ ጋር ታስሯል። አውቶቡስ በሚበዛባቸው መስመሮች ሰው በጊዜ ሰሌዳው መሠረት ሊጠብቅ ከሚገባው በላይ በአማካይ ስንት ደቂቃ ጠበቀ ተብሎ ይለካል። ጥበቃው ካነሰ ኩባንያው ከውሉ ዋጋ እስከ 15 በመቶ ጉርሻ ያገኛል፤ ከበዛ እስከ 10 በመቶ ይቀነስበታል። ለንደን ሀብታም ናት፣ ከእኛ ጋር አትወዳደርም ለሚለን ሰው፣ ደቂቃ ለመቁጠር ሀብት አያስፈልግም እንላለን። ሰዓት ያሰረ ወጣትና ደብተር ይበቃል።

የኮሪያዋ ሴኡል ደግሞ ለእኛ የቀረበ ታሪክ አላት። እስከ እ.ኤ.አ. 2004 ድረስ በሴኡል የአውቶቡስ ባለንብረት ገቢው ከጫነው ሰው ብዛት ነበር። ስለዚህ ሰው ወደበዛበት መስመር ሁሉም ይሽቀዳደማል፣ ፌርማታ ላይ ይጋፋል፣ ሰው ያነሰበትን ሰፈር ይተዋል። የእኛን ሚኒባስና ሃይገር የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም፤ መስመር ቆርጦ በአንድ መንገድ ሁለት ሒሳብ መቀበል የሚመጣው ከሾፌሩና ከረዳቱ ክፋት ሳይሆን ከዚሁ ነው። ማታ ለባለንብረቱ የሚያስገቡት ገንዘብ አለባቸው። ሴኡል በሐምሌ ወር 2004 ለባለንብረቶቹ በጫኑት ሰው መክፈሏን ትታ በተጓዙት ኪሎ ሜትር መክፈል ጀመረች፤ መስመሩን ከተማው ያወጣል፣ ቲኬቱ የከተማው ነው። ሽሚያው ቀነሰ። ይህ ያለ ወጪ አልመጣም፤ ከተማው የሚደጉመው ገንዘብ ጨምሯል። ይህንን ደብቀን ድምፅ አንለምንም።

ግብ መትከል በራሱ መድኃኒት እንዳልሆነ ግን እናውቃለን፤ በፓርቲያችን ውስጥም ብዙ ያከራከረን ይኸው ነው። በእንግሊዝ አገር ለብዙ ዓመታት ባቡር «በሰዓቱ ደረሰ» የሚባለው የመጨረሻው ጣቢያ ላይ ከተመደበለት ሰዓት በ5 ደቂቃ፣ ረጅም ጉዞ ከሆነ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከገባ ነበር። በመካከሉ ባሉት ጣቢያዎች ቢዘገይ አይቆጠርም። ምን ሆነ? ከመጨረሻው ጣቢያ በፊት በጊዜ ሰሌዳው ላይ ትርፍ ደቂቃ ተጨመረ፤ መንገዱን ሙሉ የዘገየ ባቡር መጨረሻው ላይ «በሰዓቱ» ሆነ። የዘገየ ባቡር ለመልስ ጉዞው እንዲደርስ መካከለኛ ጣቢያ ዘሎ ማለፉም የታወቀ ነበር። እንግሊዞች ይህን ተረድተው ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮ በየጣቢያው በደቂቃ መለካት ያዙ። ሰው የሚለካበትን ካወቀ ልኩን ያሳምራል፤ ፈረንጅም ሆነ ሐበሻ።

ከመካከላችን አንዳንዶቹ፣ «ኃላፊውን ግቡን ካልመታህ ትባረራለህ ካልነው ይዋሻል፤ ስለዚህ መለካት እንጂ መቅጣት አያስፈልግም» ብለው ተከራክረዋል። ሌሎቻችን ደግሞ፣ «ማንም የማይጠየቅበት ቁጥር ለግድግዳ ጌጥ ነው፤ ቻርተሩን አላያችሁም?» አልን። በመጨረሻ የተስማማነው በሦስት ነገር ነው።

አንደኛው፣ ለኪው ከተለኪው ይለይ። የጥበቃ ደቂቃውን የሚቆጥረው የትራንስፖርት ቢሮው ወይም የአውቶቡስ ድርጅቱ አይሆንም። የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤቱ በሚያወጣው ዘዴ፣ በየከተማው ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ እያሠማሩ ይቆጥሩታል፤ የትኛው ፌርማታ በየትኛው ቀን እንደሚቆጠር ቢሮው አስቀድሞ አያውቅም። የአውቶቡሶች ጂፒኤስ መረጃም ለቆጣሪዎቹ ክፍት ይሆናል። ሸገር አውቶቡሶችም ሆኑ በ1935 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አንበሳ የተገዙት በሕዝብ ገንዘብ ነው፤ የት እንደዋሉ ማወቅ የሕዝብ መብት ነው።

ሁለተኛው፣ መነሻው ሳይታወቅ ግብ አይተከል። ብትመርጡን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ምንም ግብ አናወጅም። እንለካለን፣ የተለካውንም እንለጥፋለን፤ ቁጥሩ ያስደነግጠን ይሆናል። ከዚያ በኋላ ነው ለየመስመሩ ግብ የሚወጣው። ዛሬ የምንናገረው ወዴት መድረስ እንደምንፈልግ ነው፤ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት፣ ማለትም ጠዋት ከ12፡30 እስከ 2፡30፣ ማታ ከ10፡30 እስከ 1፡30፣ በዋና ዋና መስመሮች ከአሥር ተሳፋሪ ስምንቱ ፌርማታ በደረሱ በ20 ደቂቃ ውስጥ እንዲሳፈሩ፣ ይህም በሁለተኛው ዓመታችን መጨረሻ። በአምስተኛው ዓመት 10 ደቂቃ። ይህ መብዛቱን የሚነግሩን ባለሙያዎች አሉ፤ ማነሱን የሚነግሩን ደግሞ ሰልፍ ላይ ያሉት ናቸው። አማካይ ብቻ እንዳይለካ የፈለግነውም ሆን ብለን ነው፤ አማካይ መሃል ከተማ የሚኖረውን አሳይቶ የካ አባዶና ጀሞ ያለውን ይደብቃልና።

ሦስተኛው፣ እና ከሁሉም በላይ የተከራከርንበት፣ ግቡ የሚያስረው መሥሪያ ቤቱን ብቻ ሳይሆን በጀት የሚመድብለትንም ነው። በእኛ አገር የአውቶቡስ ድርጅት ታሪፉን ራሱ አይወስንም፤ መንግሥት ይወስንለታል። መለዋወጫ የሚገዛበትን የውጭ ምንዛሪ ራሱ አያመነጭም። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማው ተለውጦ ለሕዝብ ማመላለሻዎች ብቻ ሲደረግ እንዳየነው፣ ወጪው በአንድ ውሳኔ ሊለዋወጥ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሥራ አስኪያጅ እጁን አስረን ዋኝ ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ በከተማው ምክር ቤትና በድርጅቱ መካከል ለሕዝብ የሚታተም ውል ይፈረማል፤ በአንድ ወገን ይህን ያህል ገንዘብ፣ ይህን ያህል ምንዛሪ፣ ይህ ታሪፍ፤ በሌላው ወገን ይህ የጥበቃ ደቂቃ። ገንዘቡ ተለቆለት ግቡን በሁለት ተከታታይ ዓመት ያልመታ ሥራ አስኪያጅ ይነሳል፤ ፓርቲው የትኛውም ይሁን። ገንዘቡ ካልተለቀቀ ግን በምክር ቤቱ ፊት ቆሞ መልስ የሚሰጠው ከንቲባው ነው። ሥራ አስኪያጁም በማስታወቂያና በውድድር ይቀጠራል እንጂ ከካድሬ ዝርዝር አይወጣም። ይህን ስንል የእኛንም ካድሬ ጨምረን ነው።

ሌሎቹን ግቦቻችንን በአጭሩ እንለፋቸው። ድርጅቱ ካሉት አውቶቡሶች ጠዋት በተግባር ሥራ የሚወጡት ስንቶቹ እንደሆኑ በየሳምንቱ በየተርሚናሉ ይለጠፋል፤ በሁለት ዓመት ከመቶው 85 እንዲደርስ እንሻለን። አዲስ አውቶቡስ መግዛት እንደ ስኬት መቆጠሩ ይቀራል፤ አዲስ ሪባን ከመቁረጥ ይልቅ የቆመውን መጠገን ርካሽ ነው፤ የቆመውን ሲጠግን ግን ማንም ኃላፊ በቴሌቪዥን አይታይም። በመንጃ ፈቃድ፣ በቦሎና በሰሌዳ አገልግሎት የሚለካው አንድ ባለጉዳይ ጉዳዩን ለመጨረስ ስንት ጊዜ ተመላለሰ የሚለው ይሆናል። በየመስኮቱ የሚፈጀው ደቂቃ አይቆጠርም። ጉቦ የሚወለደው ከምልልሱ ነው፤ ሦስተኛ ቀን የሚመጣ ሰው ለመገላገል ይከፍላል።

በአጭሩ የማናልፈው አንድ ግብ የሰው ሕይወት ነው። በአዲስ አበባ ብቻ በቅርብ ዓመታት በትራፊክ አደጋ በየዓመቱ 400 ገደማ ሰው ይሞታል፤ አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ከተማው በ2009 ዓ.ም. የመንገድ ደህንነት ስትራቴጂ አውጥቷል፤ ሰነዱን አንብበነዋል፣ መጥፎ ሰነድ አይደለም። የጎደለው በእያንዳንዱ ሞት ማን እንደሚጠየቅ ነው። ሾፌሩ ይታሰራል፤ ደንብ ነው። መብራት የሌለውን፣ ዜብራው የጠፋውን፣ የእግረኛ መንገዱ ተቆፍሮ ሰው ወደ አስፋልት የወረደበትን መንገድ የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤትስ? በአንድ ቦታ ላይ በአንድ ዓመት ሁለተኛ ሰው ከሞተ መንገዱን የሚያስተዳድረው ክፍል በ60 ቀን ውስጥ ያደረገውን ማስተካከያ በጽሑፍ ለሕዝብ እንዲያሳውቅ ግዴታ እናደርጋለን። ለሟቹ አይጠቅምም፤ ነገ በዚያው ለሚሻገረው ልጅ ግን ይጠቅማል።

በአዳማ፣ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሌሎች ከተሞች ያላችሁ መራጮች፣ «ይህ ሁሉ የአዲስ አበባ ወሬ ነው» ብትሉን እውነት አላችሁ። እናንተ ዘንድ ሕዝቡን የሚያንቀሳቅሰው ባጃጅና ሚኒባስ ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ድርጅት ያለው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ፈቃድ የሚሰጥ፣ ታሪፍ የሚያወጣ፣ ስምሪት የሚመድብ ጽሕፈት ቤት በየከተማችሁ አለ፤ እሱም ሊለካ ይገባዋል። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ታሪፉ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀርባቸው ሰፈሮች ስንት ናቸው? የባጃጅ ወጣት ፈቃድ ለማሳደስ ስንት ቀን ሥራ ፈትቶ ይቆማል? የቆመባት እያንዳንዷ ቀን የቤተሰቡ እንጀራ ናት። የእናንተን ግብ አዲስ አበባ ተቀምጠን አንጽፍላችሁም፤ በየከተማው ምክር ቤት ፊት፣ ባለንብረቶችና ሾፌሮች ባሉበት ተወያይቶ የሚወጣ ይሆናል። ባለፉት ዓመታት ባጃጅን በአንድ ማታ አግዶ በሌላ ማታ መፍቀድ የተለመደው ሾፌሮቹ ስላልተጠየቁ ነው።

ሾፌሮችንና ረዳቶችን በተመለከተ አንድ ነገር እንጨምር፤ ከእነሱ ጋር በየተራው ተቀምጠን ተነጋግረናልና። «መንግሥት ሰዓት ሊቆጥርብን ነው» የሚል ሥጋት አላቸው። የአውቶቡስ ሾፌር በመንገድ መዘጋጋት ለዘገየበት ደቂቃ ከደሞዙ አይቆረጥበትም። የሚለካው መስመሩ እንጂ ሰውየው አይደለም። መስመሩ በዘገየ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ መንገዱ፣ አውቶቡሱና የጊዜ ሰሌዳው እውነተኛ ናቸው ወይ የሚለው ነው። መንገድ ላይ የሚውለውን ሰው ለቢሮው ጥፋት ማስያዝ ቀድሞም የተሠራበት ዘዴ ነው፤ እኛ አንደግመውም።

በዚህ ወረቀት ጀርባ ባዶ ሠንጠረዥ አለ። የፌርማታውን ስም፣ የደረሳችሁበትን ሰዓትና የተሳፈራችሁበትን ሰዓት ለአምስት የሥራ ቀን ጻፉበት፤ ስማችሁን መጻፍ አያስፈልግም። በየወረዳው ባለው ጽሕፈት ቤታችን በር ላይ ሳጥን አለ፤ እዚያ ጣሉት። የሰበሰብነውን ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት በየፌርማታው እንለጥፈዋለን፤ ለትራንስፖርት ቢሮውም አንድ ቅጂ እንልካለን፣ ቢቀበለንም ባይቀበለንም።